በየማለዳው የሚደውለው ድምፄ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ጠዋት 2፡15

ዛሬም ሁሉም አረንጓዴ። ሃያ ስምንት ስም፣ ሃያ ስምንት አረንጓዴ ነጥብ። ቀይ የለም። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወደ ተመላላሽ ክፍል። ሰልፉ በሩን አልፎ ቧንቧው ጋ ደርሷል። ባልደረባዬ በወሊድ ፈቃድ ላይ ነች፤ ምትክ ይመጣል ከተባለ ሁለተኛ ወሩ። ወገቤ ከአሁኑ አልቋል።

ማስታወሻዬ፣ ይህን የስልክ ነገር በቅጡ አልነገርኩሽም። ሁልጊዜ ደክሞኝ ነው የምከፍትሽ። በአጭሩ፦ ዳባትና ዙሪያዋ ላይ ሳንባቸው የደከመ አዛውንቶች አሉን። በየጠዋቱ 12፡30 ስልካቸው ይጮሃል። ሲያነሱት የሚሰሙት የእኔን ድምፅ ነው። ነሐሴ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ቀዳነው። «ጤና ይስጥልኝ። ሲስተር እናትነሽ ነኝ፣ ከጤና ጣቢያ። እንዴት አደሩ? ትንፋሽዎ ደህና ከሆነ አንድን ይጫኑ። ከባሰብዎ ሁለትን ይጫኑ።» አንድ ከተጫኑ አረንጓዴ፣ ሁለት ከተጫኑ ቀይ፣ ስልኩ ካልተነሳ ግራጫ። ቀይ ሳይ እኔው እደውላለሁ፣ ካልሆነም ቤታቸው እሄዳለሁ። ጥበቡ ይኸው ነው።

ከመስከረም ወዲህ የሄድኩበት ቤት የለም። አላስፈለገም።

ሙሉቀን ከጎንደር ደወለ። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ነው፤ ልጅ እግር፣ ትሑት፣ ቀኑን ሙሉ ነጥቦቹ የሚታዩበት ዳሽቦርድ ላይ ተተክሎ የሚውል። የዳባት ሽማግሌዎች እንዴት ናቸው አለኝ። ደህና ናቸው፣ እ/ር ይመስገን አልኩት። አንቺስ አለኝ። ደህና ነኝ፣ እ/ር ይመስገን። ሌላ ምን ይባላል።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። ምሳ ሰዓት

ምሳ የለም። ያመጣሁት ሽሮ ቀዝቅዟል፣ የማሞቅበት ጊዜም የለኝ።

የእትዬ ዝማም ጎረቤት ልጇን ልታስከትብ መጣች። መልእክት ይዛለች። እትዬ ዝማም እንዲህ ብለዋል፦ ስትደውል ለምን ትቸኩላለች? አንቺስ እንዴት አደርሽ ስላት መልስ የላትም። ሥራ በዝቶባት ነው መቼም፣ አልተቀየምኩም በያት። ሳቅሁ። ድሮም ቀልደኛ ናቸው።

እሳቸውንም አልነገርኩሽም ለካ። ጀማሪ ነርስ ሆኜ ዳባት ስመጣ የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ነው። ስድስት ዓመት። አርባ ዓመት አረቄ አውጥተዋል፤ ማድጋው፣ ቱቦው፣ ሲነጋ ጀምሮ የሚነድ እንጨት። ቀሚሴ ሁሉ አረቄ አረቄ ይሸት ስለነበር የዚያን ጊዜው አለቃዬ ጠጪ መስዬው ይመክረኝ ነበር። በዚያ ጭስ ልጃቸውን አስተማሩ። ልጁ መተማ ነው፣ ለፋሲካ ይደውላል። በዚያው ጭስ ሳንባቸው አለቀ። ሳገባ እናቴን ተክተው የተቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ ትዳሩ ሲፈርስም ሻንጣዬን ያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው።

ቤታቸው ከእኔ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ዳገት። ከመስከረም ጀምሮ አልሄድኩም። በየቀኑ አረንጓዴ ናቸው። ምን ልሥራ ብዬ ልሂድ?

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ውርጭ። ጠዋት ቧንቧው ላይ በረዶ ነበር። ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። ሃያ ስምንቱም ግራጫ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። የሚነበብ ነገር የሌለበት አንድ ጠዋት። እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍልሽ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ከሰዓት 11

ኅዳር ሲታጠን። የሰፈሩ ጥራጊ ሁሉ በየደጁ ተከምሮ ነደደ። በሽታ ይወጣበታል ይላሉ። ለእኔ ታካሚዎች ይገባባቸዋል። ከጠዋት ጀምሮ ከተማዋ አትታይም፤ ሚኒባሶቹ በቀን መብራት አብርተው ነው ያለፉ።

መሪጌታ ክንዴ 4 ሰዓት ላይ መጡ። የዜማ መምህር ናቸው፤ ድሮ ሲያዜሙ ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር። ዛሬ ስማቸውን ለመናገር ሦስት ጊዜ ተነፈሱ። ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያውን ሰካሁ፦ 84፤ ከ90 መውረድ አልነበረበትም። ኦክስጅን፣ በጭንብል የሚሳብ መድኃኒት፣ መርፌ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ትንፋሻቸው ሲመለስልኝ ዝርዝሩን ከፈትኩ።

ዛሬ ጠዋት 12፡34፣ መሪጌታ ክንዴ፣ አንድ። አረንጓዴ።

ተሳስተው ነው አልኩ በልቤ። ጠየቅኳቸው። አልተሳሳቱም። ሌሊቱን ተቀምጠው ነው ያደሩት፣ ትንፋሹ ከትናንት ጀምሮ እንቢ ብሏል፣ አንድን የተጫኑትም አውቀው ነው። ለምን? እንደ ሞኝ ተማሪ አዩኝ።

«እንዴት አደርህ ለተባለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው እንጅ ሌላ ምን ይመልሷል? የሰው አፍም ቢጠይቀኝ፣ የብረት አፍም ቢጠይቀኝ፣ ያሳደረኝ እሱው ነው።»

ማሽን መሆኑን ያውቃሉ። ልጃቸው ነግሯቸዋል። ቢሆንም ሰላምታ ሰላምታ ነው። ሰላምታ ላይ አቤቱታ አይቀርብም፤ ያውም ጎሕ ሲቀድ፣ ያውም ፈጣሪን ሳያመሰግኑ።

ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። በማን ተናደድሽ በይኝ። በራሴ! ከጎንደር የመጣው ጽሑፍ እንዴት አደሩ አይልም ነበር። የትንፋሽዎን ሁኔታ ያሳውቁ ነበር የሚለው፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ። ነውር ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ለትልቅ ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ እንዴት ይጠየቃል ብዬ ሙሉቀንን በአገሬ ባህል የሰበክሁት እኔ ነኝ። እሱም ደብተር አውጥቶ ጻፈ።

ሦስት ወር ሙሉ ሃያ ስምንት ሰው ስለ ሳንባው ጠይቄ የተመለሰልኝ ስለ እግዚአብሔር ነው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

የዕረፍት ቀኔ። ከሃያ ስምንቱ ለስድስቱ ራሴ ደወልኩ። ከሰላምታ ጀመርኩ፤ ስድስቱም ደህና። ትንፋሽስ? ስድስቱም ደህና፣ ተመስገን። ከዚያ አንዷ ስለ ጎረቤት ለቅሶ ታወራኝ ጀመር። ሬሳውን እስከ ቤ/ክ ሸኝታለች። መንገድ ላይ አራት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ስለ ራሷ አይደለም የምታወራው፤ ስለ መንገዱ ነው፣ ዳገቱ እንዴት እንደ ረዘመ። አምና አንዴም አልተቀመጠችም ነበር።

ለቀሩት አምስቱ እንደገና ደውዬ ስለ መንገድ ብቻ ጠየቅሁ። ገበያ ወጡ ወይ? ስንቴ አረፉ? ሁሉን ነገሩኝ። አንዱ ገበያ ከቀረ ሦስት ሳምንቱ፤ ገበያው ሩቅ ሆኗል ይላል። ገበያው የት ይሄዳል! ሰው ስለ ራሱ አያማርርም፣ ዳገቱን ግን እንደ ልቡ ያማል።

ለእትዬ ዝማም አልደወልኩም። ነገ ከቤ/ክ መልስ ራሴ እሄዳለሁ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

አልሄድኩም። ልብስ አጠብኩ። ነገ ጾም ይገባል ብለው ጎረቤቶቼ ለቅበላ ጠሩኝ፣ እዚያ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ስመለስ ተኛሁ። ጠዋት እትዬ ዝማም አንድ ተጭነዋል። አንድ ምን ማለት እንደሆነ ከዓርብ ጀምሮ አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ግን ተኛሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ። ምሽት 1፡30

ከደባርቅ አሁን ገባሁ። ፊደሌን ታገሺኝ።

ሰኞ አንድ። ማክሰኞ አንድ። ዛሬ ግራጫ፤ እትዬ ዝማም አላነሱም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሰልፉን ጥዬ ባጃጅ ያዝኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በሁለት እጅ ተደግፈዋል። ከንፈራቸው ሰማያዊ። ስገባ ፈገግ አሉ። ፈገግ! ወንበር ሊስቡልኝ እጃቸውን ዘረጉ። 71። መለኪያው ተበላሽቶ መስሎኝ በራሴ ጣት ሞከርኩት። አልተበላሸም። ባለ ባጃጁና እኔ ተሸክመን አወጣናቸው። እንዴት እንደቀለሉ አልነግርሽም።

ጤ/ጣቢያ ኦክስጅን፣ ከዚያ አምቡላንስ፣ ደባርቅ ሆስፒታል። አብሬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ እጄን ይዘው ነበር። የሚናገሩበት ትንፋሽ የላቸውም፤ ቢኖራቸው ደህና ነኝ ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ። ደባርቅ

በጠዋት ሚኒባስ። የስሜን ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል። እትዬ ዝማም በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ኦክስጅኑ አፍንጫቸው ላይ። 90። ዐይናቸው ተመልሷል።

ከጎንና ከጎን ያሉት ታካሚዎች ያውቁኛል ለካ። እትዬ ዝማም ሁለት ቀን ሙሉ ሲያወሩ የከረሙት ስለ እኔ ነው። ከመስከረም ጀምሮ አንድ ጠዋት ሳታጓድል የምትደውልልኝ ይቺ ናት። የወለድሁት እንኳ ለፋሲካ ነው። ሴቶቹ ተራ በተራ መረቁኝ። አንዷ እጄን ሳመች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ለምን ሁለትን አልተጫኑም አልኳቸው፣ ቀስ ብዬ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ። ገረማቸው።

«በባዶ ሆድሽ፣ ገና ፊትሽን ሳትታጠቢ፣ ክፉ ወሬ ላሰማሽ? በየለቱ ለምትጠይቂኝ ልጅ?»

መሪጌታ ማሽን መሆኑን አውቀው ለፈጣሪ ነው የመለሱት። እሳቸው ግን ለእኔ ነው። ስልኩን ሲያነሱ እኔ የቆምኩ መስሏቸዋል፣ በየቀኑ። ለእኔ አዝነው ነው ሊሞቱ የነበረው።

ማሽን መሆኑን አልነገርኳቸውም። ትራሳቸውን አስተካከልኩ።

ሐኪሟ ውጭ ጠራችኝ። ወጣት ናት፣ ነገር አታለሳልስም። ሳንባው አልቋል አለች። የሚያቆያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሲብስባቸው በዚያው ቀን መታወቁ። እንደ አሁኑ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ ደባርቅም አይደርሱ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ሙሉቀን ራሱ መጣ፣ ደስታውን ይዞ። በአዛውንቶቹ ዘንድ ባገኘው ተቀባይነት ከአካባቢው ሁሉ ዳባት በለጠች። ሌላ ቦታ አብዛኛው አያነሳም፣ ያነሳም ይዘጋል። የእኛዎቹ ሁሉም ያነሳሉ፣ ሁሉም ይጫናሉ። ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሊያሰፉት ነው። ድምፁም የእኔው ይሁን ተብሏል።

ሁሉንም ነገርኩት፦ መሪጌታን፣ መንገዱን፣ እትዬ ዝማምን። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ፊቱ ነጣ። ቀስ ብሎ ሻዩን አማሰለ። ከዚያ ጥያቄውን እንቀይረው አለ። ደህና ነዎት ወይ አንበል፣ ትናንት ሲሄዱ ስንቴ አረፉ እንበል። እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን።

ግን ማሽን መሆኑን መጀመሪያ ይናገር አልኩት። እዚህ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ። የሚያነሱት አንቺ መስለሻቸው ነው፣ ካወቁ ስንቱ ያነሳል? ካላነሱ ደግሞ የሚብስባቸውን በምን እናውቃለን?  እውነቱን ነው። ቢያውቁ ይተዉታል፣ ባያውቁ ይዋሹታል። ከሁለቱ የቱ ይገድላል?

ሲሄድ በጣም ደክሞሻል፣ ደህና ነሽ ወይ አለኝ። ደህና ነኝ፣ እ/ር ይመስገን። መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባልደረባዬ ከወጣች ጀምሮ የሁለት ሰው ሥራ እየሠራሁ ስንት ጊዜ ተጠይቄ ስንት ጊዜ እንዲህ መለስኩ። ሽማግሌዎቹን የምወቅሰው በየትኛው አፌ ነው።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

እትዬ ዝማም ቤታቸው ገቡ። ጎረቤቷ አልጋውን ወደ በሩ አዙራላቸዋለች፣ አየር እንዲያገኙ። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት እንደገና አሳየኋቸው። ጎበዝ ናቸው፤ ቱቦና ትነት ከእኔ በላይ ያውቃሉ፣ አርባ ዓመት የኖሩበት ነው። ሲስቡት ግን ወደ ውጭ የሚወጣውን ጭላጭ እያዩ ባከነ ይላሉ።

የማሽኑን ነገር ዛሬ ልነግራቸው ነበር የመጣሁት። ጠዋት ድምፅሽን ሳልሰማ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ፣ ሆስፒታል ስልኩ አልሠራ ብሎ አሉኝ። ነገ ትደውያለሽ አይደል? ተነስቼ ኩባያ አጠብኩ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

አዲሱን ልንቀዳ ተቀመጥን። ያው ብርድ ልብስ፣ ያው መስኮት። ሙሉቀን በስልክ ሆኖ ያዳምጣል። ሰላምታው ጋ ደረስኩና ቆምኩ።  ደግመን፣ ደግመን። ስድስተኛው ላይ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ተውኩት። አልያዘኝም።

መጀመሪያ እትዬ ዝማም ይወቁ። ከዚያ ሌላው። ነገ። ብፈራም ነገ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 9

ነገርኳቸው።

ዱካው ላይ ተቀምጬ፣ ፊት ለፊታቸው። ድምፁ የእኔ ነው፣ የምትናገረው ግን እኔ አይደለሁም አልኩ። ነሐሴ ላይ አንዴ ተናግሬ ማሽን ይዞት ነው። እርስዎ ሲያነሱት እኔ ገና ተኝቻለሁ። የሚሉትንም አልሰማም፤ የሚደርሰኝ ቁጥሩ ብቻ ነው።

 የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

«ታዲያ ስመርቅሽ ማን ይሰማኝ ኖሯል?»

ማንም አልኩ።

«በየለቱ?»

በየለቱ።

ስለ ምን እንደ መረቁኝ አልጠየቅሁም። አውቀዋለሁ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ልጅ የለኝም፤ ከጥንት ጀምሮ ለእኔ የሚለምኑት እሱን ነው። ሦስት ወር ሙሉ፣ በዚያች በቀረቻቸው ትንፋሽ፣ ቁጥሩን ከተጫኑ በኋላ ማንም በሌለበት ስልክ ለእኔ ልጅ ሲለምኑ ከረሙ። ሳንባ የሚለካ መሣሪያ አለን። ይህን የሚለካ የለንም።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከእንግዲህ ያ ነገር እንዳይደውልብኝ ብቻ አሉ። ደክሞኛል ልተኛ አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቁልቁለቱን እያለቀስኩ ወረድኩ። ሰው ሲያየኝ ጉንፋን ነው አልኩ። ያው ውሸት ሁለተኛ ቀኑ።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ሙሉቀን የእትዬ ዝማምን ቁጥር ከዝርዝሩ አወጣው። እኔ 12፡30 ላይ በእጄ ደወልኩ። አይነሳም። ጎረቤቷን ጠየቅሁ፤ ስልኩ አጠገባቸው ነው፣ እያዩት ነው የጮኸው አለችኝ። እንዴት ናቸው? ደህና ነኝ ይላሉ አለች።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

አዲሱን ቀዳሁ። እንዲህ ይጀምራል፦ ይህ የሚሰሙት ማሽን ነው። ድምፁን ያስቀዳሁት እኔ ሲስተር እናትነሽ ነኝ፤ አሁን አልሰማዎትም፤ ከባሰብዎ ግን ይደርሰኛል፣ እመጣለሁ። ከዚያ ስለ መንገዱ፦ ከወትሮው በላይ ካረፉ ሁለትን ይጫኑ። ሙሉቀን ተቃወመ፣ ከዚያ ተወው። ሪፖርቱንም ጻፍኩ፦ እስካሁን የላክሁት አረንጓዴ ሁሉ ሐሰት ነው። አንድ መስመር ነው፤ ጽፌ ሳበቃ ትከሻዬ ቀለለኝ። እሱም ሰጋ፣ እኔም ሰጋሁ። ምናልባት ያባርሩኝ ይሆናል። ባባረሩኝና አንድ ሳምንት በተኛሁ።

እትዬ ዝማም ዛሬም አላነሱም። ሦስተኛ ቀኑ።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ትናንት በአዲሱ ተደወለ። ከሃያ ሰባቱ ስምንቱ ማሽን መሆኑን ሲሰሙ ዘጉት። ከቀሩት ዘጠኙ ቀይ። ዘጠኝ! ሙሉቀን ደንግጦ ደወለ፣ ምን ተፈጠረ ብሎ። ምንም አልተፈጠረም፣ ድሮም እንዲሁ ነበሩ አልኩት። ዘጠኙንም በሁለት ቀን አዳረስኩ፣ በባጃጅና በእግር። ሁለቱ መርፌ ተወጉ፣ አንዱ ደባርቅ ሄደ፣ በጊዜው። መሪጌታ ማሽኑን አሁን ይወዱታል፤ ዳገት የሚያማ ጥያቄ ነው ይላሉ፣ እሱን መመለስ ኃጢአት የለበትም።

ለዘጉት ስምንቱ እኔው እደውልላቸዋለሁ፣ እስኪለምዱ። የጠዋት እንቅልፌ ከእንግዲህ የለም ማለት ነው።

የእትዬ ዝማም ስልክ ይጮሃል፣ አይነሳም። ከሥራ በኋላ ዳገቱን ወጣሁ። በሩ ተዘግቷል። እንቅልፍ ላይ ናቸው አለች ጎረቤቷ፣ ዐይኗን ሰብራ። አስገቢያት ብለው አላዘዟትም ማለት ነው። ውርጩ ሲጀምር ተመለስኩ። ስንት ቀን ነው የሚቀረኝ? ሐኪሟ ሁለት ሦስት ቀን ነው ያለችው።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ። ጠዋት 12፡40

ተነሳ! ስልኩ ተነሳ። ማንም አልተናገረም። ትንፋሽ ብቻ። እኔ ነኝ፣ እናትነሽ ነኝ፣ ዛሬ እኔው ነኝ አልኩ። እንደ ማሽኑ የምናገር መስሎኝ ራሴን ጠላሁት። ተዘጋ።

የሰማሁት ትንፋሽ አላማረኝም። አጭር ነው። ጎረቤቷን ላክሁባቸው፤ ምግብ ቀምሰዋል፣ ተቀምጠዋል፣ ሐኪም አልፈልግም ብለዋል። ነገ ካላነሱ በሩን ሰብሬም ቢሆን እገባለሁ። ይቀየሙኝ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ። ጠዋት 12፡45

ባጃጁ እስኪመጣ ነው የምጽፍልሽ። ቆሜ።

አነሱ። እንዴት አደሩ፣ እትዬ አልኩ። ድምፃቸው መጣ፣ ቀጭን፦

«ማታ ምን በላሽ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ማሽኑ የማይመልሰው ነገር እየፈለጉ ነው።

ምንም አልኩ። ምንም አልበላሁም፣ ደክሞኝ በልብሴ ነው የተኛሁት። ደህና አልከረምኩም፣ እትዬ። ከመስከረም ጀምሮ ደህና አይደለሁም። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እንዴት እንደወጣኝ እንጃ። ልመልሰው አልኩ፣ አልተመለሰም።

ወዲያ ማዶ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ሦስት፣ አራት ጊዜ። ለእያንዳንዷ ቃል አንድ ትንፋሽ ከፈሉ፦

«እኔም፣ ልጄ። ደህና አላደርሁም። ተቀምጨ ነው ያደርሁ።»

አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ያለ የምሥራች ሰምቼ አላውቅም። መጣሁ አልኳቸው፣ እንዳይተኙ፣ እንዳይነሱ፣ በሩን ይተዉት። መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ መድኃኒቱም፣ ኦክስጅኑን ደውዬ አዝዣለሁ፤ አምቡላንሱ ከዚያው ይወስደናል፣ የባጃጁ ጥሩምባ ተሰማ፣ ሄድኩ።